ለልጄ የሳይንስ መምህርት የቀረበ ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ልጄን ዘንድሮ ሳይንስ ላስተማሩ መምህርት በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ ልጆቻቸው ሁለተኛ ደረጃ ለደረሱ ወላጆችም እኚህን መምህርት ያለ ምንም ማቅማማት ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ አስቀድመው ስለለመኑኝ ቃሌን እጠብቃለሁ። ልጆቻችን በአንድ ግቢ የሚማሩ ወላጆች ግን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ልብ ወለድና የቆየ ድርሳን ይዘው ገብተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያነቡት መምህርት ማን እንደሆኑ ለመለየት አይቸገሩም፤ ከእሳቸው በቀር ይህን የሚያደርግ የለምና።

ምስጋናዬ ለምን ይህን ያህል እንደበዛ የሚገባው ከዚህ በፊት ያሳለፍነውን ለሚያውቅ ሰው ነው። ልጄ ቀደም ሲል ትማርበት በነበረው ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ማለት ጀርባቸውን ለተማሪ ሰጥተው ሰሌዳውን በኖት የሚሞሉ መምህርና አንገቱን ደፍቶ የሚገለብጥ ክፍል ማለት ነበር። እዚያም ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነበረ፤ ነገር ግን የሚታዘዘው ለቅጣት ነበር። ያወራ ወይም ያረፈደ ተማሪ ከመቀመጫው ተነሥቶ ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ እንዲያነብ ይደረጋል። ልጄ ስትደነግጥ ቃላት የሚያዙባት ልጅ ናት። አንድ ቀን «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ቃል ሰባብራ በማንበቧ መምህሩ አነባበቧን አስመስለው ደገሙት፤ ክፍሉም በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ የሳይንስ መጽሐፏን ቤት ውስጥ እንኳ ገልጣ ስታነብ አላየኋትም። ቅሬታችንን ይዘን ስንሄድ የተሰጠን መልስ «ልጅዎ ትንሽ ሆደ ባሻ ናት» የሚል ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የሄድነው ወደ ማጠናከሪያ ትምህርት ነው። ገንዘባችንን ተቀብለው ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ፎቶ ኮፒ አስታቀፏት፤ መልሱን ከነፊደሉ ሸመደደች፤ ጥያቄው ትንሽ ሲገለበጥ ግን የያዘችው ሁሉ ጠፋት። በመጨረሻ ከአስጠኚዎቹ አንዱ እሷው ፊት «ይቺ ልጅ ለሳይንስ አልተፈጠረችም፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ» አለን። ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ሰውዬው ልጄን የጠየቃት ምርጫ ያለው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ስለ ምን ማወቅ እንደምትፈልግ አንድ ቀን አልጠየቃትም።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው ወደ አሁኑ ትምህርት ቤት የመጣነው። ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስለ ሻማ ማውራት ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ልብ አላልኩትም። ወላጆች ክፍል ገብተው እንዲከታተሉ በተጋበዝንበት ዕለት ግን ነገሩን በዓይኔ አየሁት። መምህርቷ በእጃቸው ይዘው የነበረው እንግሊዛዊው የሳይንስ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻና በ1861 መጀመሪያ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የሳይንስ ተቋም ለወጣቶች ስለ ሻማ የሰጣቸው ስድስት ንግግሮች የተሰበሰቡበት መጽሐፍ ነበር። ሲያነቡ አይቸኩሉም። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ሲሆን ትንፋሻቸውን የት እንደሚወስዱ ያውቃሉ፤ ከባድ ስም ሲመጣ ጠበቅ አድርገው ይጠሩትና ሁለተኛ ጊዜ በቀስታ ይደግሙታል፤ በዚህም ልጆቹ ቃሉን በጽሑፍ ሳያዩት በፊት በጆሯቸው ይለምዱታል። ልጄን ያሳቀቃት ዓይነት ቃል እዚህ ማንንም አያሳቅቅም፤ ምክንያቱም ሁሉም ከመምህርቷ አፍ ቀድሞ ሰምቶታል።

ንባቡ ሻማው ሲጠፋ ወደሚወጣው ጭስ እንደደረሰ መጽሐፉን አስቀመጡና በጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሻማ እፍ ብለው አጠፉት፤ ወዲያው የተለኮሰ ክብሪት ወደ ጭሱ አስጠጉ። ክብሪቱ ክሩን ሳይነካ እሳቱ በጭሱ መንገድ ወርዶ ሻማው በራ። «የነደደው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁና ዝም አሉ። ዝምታው እኔን እስኪያስጨንቀኝ ድረስ ረዘመ፤ እሳቸው ግን ማንንም በስም አልጠሩም፣ ፍንጭም አልሰጡም። አንድ ልጅ ክሩ ነው አለ፤ ሌላዋ ሰሙ ነው አለች፤ ክርክር ተነሣ። ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉን መልሰው ያነሡትና የደራሲውን መልስ ያነበቡት። የሚነደው ከሰሙ የሚወጣው ትነት እንደሆነ ልጄ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ከዚያ በላይ ያለውን ዝርዝር እኔ አልተረዳሁትም፤ ልረዳው ይገባኛልም ብዬ አልጨነቅም። የተረዳሁት ነገር ቢኖር ንባቡ ትምህርቱን የተካው ሳይሆን ለሙከራው ጥያቄ አዘጋጅቶ ያስረከበው መሆኑን ነው። ይህ እውቀት ብቻ ሳይሆን ጥበብም ይጠይቃል።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ነገር ልምጣ። ስለ እንቅስቃሴ በሚማሩበት ወቅት መምህርቷ ጣሊያናዊው የሳይንስ ሊቅ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ካሳተመው ድርሳን የተወሰኑ ገጾችን ለተማሪዎች በየገጸ ባሕሪው አከፋፈሉ። መጽሐፉ የተጻፈው በሦስት ሰዎች ውይይት መልክ ሲሆን ሲምፕሊቺዮ የሚባለው ተከራካሪ መሬት አትንቀሳቀስም የሚለውን የቀድሞውን አስተሳሰብ ይዞ የሚሟገት ነው። መምህርቷ ልጄን ለብቻዋ ጠርተው የሲምፕሊቺዮን ክፍል በዋዜማው ሰጧት፤ አስቸጋሪዎቹን ስሞች በእርሳስ ነጣጥለው ጽፈውላት ነበር። «ካልፈለግሽ ነገ ጠዋት መልሺልኝ፤ ማንም አያውቅም። ከፈለግሽ ደግሞ ይህ ሰው ራሱ ግራ የተጋባ ነውና ብትደናቀፊ ገጸ ባሕሪውን በሚገባ ተጫወትሽው ማለት ነው» አሏት። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ድምፄን ለመደበቅ ወደ ሌላ ክፍል መሄድ ነበረብኝ። ያ የመጀመሪያው መምህር የነጠቃትን ነገር እኚህ ሴት በአንድ ወረቀትና በሁለት ዓረፍተ ነገር መለሱላት።

ያን ማታ ገጹን ከእኔ ጋር አነበበችው። በዚያ ክፍል ሲምፕሊቺዮ ከምትጓዝ መርከብ ምሰሶ ጫፍ የሚለቀቅ ድንጋይ ከምሰሶው ሥር ሳይሆን ወደ ኋላ ርቆ ይወድቃል ብሎ ይከራከራል። ሌላው ተከራካሪ ይህን ራስህ ሞክረኸው ታውቃለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው አልሞከርኩትም፣ ነገር ግን የጻፉት ሊቃውንት ሳያረጋግጡ አልጻፉትም የሚል መልስ ይሰጣል። ልጄ እዚህ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና «እኔም እስከ ዛሬ የተማርኩት እንደዚህ ነው» አለችኝ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ አነበበች። ተደናቅፋለች፤ ማንም አልሳቀም፤ ይልቁንም ከክፍሉ ገሚሱ የሷ ክርክር ትክክል መስሎት ከጎኗ ቆመ። ከዚያም መምህርቷ ተማሪዎቹን ወደ ኮሪደሩ አውጥተው ሩጫ በሚመስል እርምጃ እየሄዱ ኳስ ከእጃቸው እንዲለቁ አደረጓቸው። ኳሱ የወደቀው ከኋላቸው አይደለም፤ እግራቸው ሥር ነው። ልጄ በንባብ የተሟገተችለትን ሐሳብ በገዛ እጇ አፈረሰችው፤ በመሸነፏም ይህን ያህል ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

አንዳንድ ወላጆች ይህ ሁሉ ንባብ ጊዜ ይገድላል፣ የትምህርት ይዘቱ ሳይሸፈን ዓመቱ ያልቃል የሚል ቅሬታ ሲያሰሙ ሰምቻለሁ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ እኔም ጠይቄያለሁ። መምህርቷ የሰጡኝ መልስ ንባቡ ለመግቢያ የሚሆኑ ደቂቃዎችን ብቻ እንደሚወስድ፣ ቀሪው ጊዜ ለስሌትና ለሙከራ እንደሚውል ነው። ስሌቱም ቢሆን ከንባቡ የሚወጣ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1726 ከታተመው የጉሊቨር ጉዞ ከተባለው ልብ ወለድ ስለ ግዙፎቹ ሰዎች የሚናገረውን ክፍል ካነበቡላቸው በኋላ ቁመቱ ከእኛ 12 እጥፍ የሆነ ሰው በእርግጥ መቆም ይችል እንደሆነ እንዲያሰሉ አዘዟቸው። ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ እኔም ወረቀት ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አጥንቱ በአግድም ተቆርጦ ቢታይ የቁራጩ ገጽ ስፋት 12 በ12፣ ማለትም 144 እጥፍ ያድጋል፤ ክብደቱ ግን 12 በ12 በ12፣ ማለትም 1728 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የአጥንት ስፋት ላይ የሚያርፈው ሸክም 12 እጥፍ ይጨምራል፤ ግዙፉ ሰው ገና ሲነሣ እግሩ ሊሰበር ይችላል። ደራሲው እንዲህ በሒሳብ ሊመረመር መቻሉ ልጄን ከመጽሐፉ አላራቃትም፤ እንዲያውም መጽሐፉን ሙሉውን ለማንበብ ተዋሰችው። የሽምደዳው ትምህርት በዓመት ያልሸፈነውን ይህ አንድ ገጽ ሸፍኗል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ደግሞም ሳይንስና ሥነ ጽሑፍ ባዳ ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው የፋራዴይን የራሱን ታሪክ ቢያውቅ መልካም ነው። ሻማውን ያስተማረው ያ ሰው በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተለማማጅ ነበር፤ ሳይንስን የተማረው ሊጠርዛቸው ከመጡ መጻሕፍት ነው። ከእነዚያም አንዱ ጄን ማርሴት የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1806 ስለ ኬሚስትሪ ያሳተመችው፣ አንዲት አስተማሪ ከሁለት ልጃገረዶች ጋር በምታደርገው ውይይት መልክ የተጻፈ መጽሐፍ ነበር። መምህርቷ ይህን ለክፍሉ ሲነግሯቸው ልጄ ቤት መጥታ በኩራት ነው የደገመችልኝ፤ ሁለት ልጃገረዶች የሚለውን በተለይ አስረግጣ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ በእኚህ መምህርት ክፍል ከተመደበ ደስ ይበላችሁ፤ ክፍል ይቀየርልን ብላችሁ ወደ አስተዳደር አትሂዱ። ልጃችሁ ማንበብ የሚፈራ፣ ሳይንስ የሚጠላ ወይም ሁለቱንም ከሆነ ደግሞ እንዲያውም ወደ እሳቸው ክፍል እንዲገባ ጠይቁ። እሳቸው ዘንድ ማንም ሳይዘጋጅ እንዲያነብ አይገደድም፤ የመጀመሪያው አንባቢ ሁልጊዜ መምህርቷ ናቸው፤ ቀጥሎ ፈቃደኞቹ፤ ፈሪዎቹ ደግሞ ገጻቸውን በዋዜማው ተቀብለው ሲፈልጉ። ሳይንስ የምታስተምሩ መምህራንም ብትሆኑ ገብታችሁ ተመልከቱ፤ ለጠየቃቸው ሁሉ የትኛውን ምንባብ ከየትኛው ምዕራፍ ጋር እንደሚያነቡ ያለ ስስት ያካፍላሉ። አሁን ለካርቦን ዑደት እያዘጋጁ ያሉት ፕሪሞ ሌቪ የሚባለው ጣሊያናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሚገኘውን፣ አንዲት የካርቦን አቶም ከኖራ ድንጋይ ተነሥታ ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ወይን ቅጠል የምታደርገውን ጉዞ የሚተርከውን ምዕራፍ ነው። ልጄ ከወዲሁ የራሷን ገጽ ጠይቃለች።

አንድ የሚያስቸግራቸው ነገር አለ፤ እሱንም እዚህ ማንሳት እፈልጋለሁ። ንባቡና ሙከራው በአንድ ክፍለ ጊዜ ተጣበው ስለሚያልቁ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ እንዲሰጣቸው ለትምህርት ክፍሉ ጥያቄ አቅርበዋል፤ እስካሁን መልስ አላገኙም። የመጪው ዓመት የጊዜ ሰሌዳ ከመውጣቱ በፊት ጥያቄያቸውን የሚደግፍ ደብዳቤ ለርእሰ መምህሩ አዘጋጅቻለሁ። ልጆቻችሁ በእሳቸው ክፍል ያለፉ ወላጆች ሁሉ መጥታችሁ እንድትፈርሙበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።