የድሮ ፊልምና የቆየ ተከታታይ ድራማ ለማየት፦ አንቴና፣ ወርሃዊ ክፍያ ወይስ ዲስክ?

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አሜሪካ የምትኖሩና የቆዩ የቴሌቪዥን ተከታታዮችን የምትወዱ ከሆነ መጀመሪያ አንቴና ግዙ። ልባችሁ ያለው የድሮ ፊልም ላይ ከሆነ ገንዘባችሁን ለዲስክ አስቀምጡ። በየወሩ ከካርዳችሁ የሚቆረጠው ክፍያ ሦስተኛ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁት ነገሩ ይለያል፤ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ስመርጥ ከዋጋው እኩል የምጠይቀው ነገር አለ፤ የማየው ሥራ ሙሉ ነው ወይ? የድሮ ሥራ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይነካዋል። አንዱ ደቂቃ ይቆርጥለታል፣ ሌላው ዘፈኑን ይቀይረዋል፣ ሌላው ምስሉን ይለጥጠዋል። ከዚያ ሰው አይቶ "የድሮ ፊልም ይደብራል" ይላል። ያየው ግን የተበላሸ ቅጂ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አንቴና፦ አንዴ ከፍሎ መገላገል

የአሜሪካ ዋና ዋና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በጁን 12 ቀን 2009 ሙሉ በሙሉ ወደ ዲጂታል ተሻገሩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጣቢያ በያዘው ሞገድ ላይ ብዙ ቻናሎችን መላክ ይችላል። ለተጨማሪዎቹ ቻናሎች ርካሽ ፕሮግራም ያስፈልግ ነበር። ያ ክፍተት ለድሮ ተከታታዮች በር ከፈተ። የድሮ ተከታታይ የሚያሳዩት ሚቲቪ በ2010 መጨረሻ፣ አንቴና ቲቪ በ2011 መጀመሪያ፣ ሙቪስ የተባለው የፊልም ቻናል በ2013 አገር አቀፍ ሆነው ጀመሩ። ፔሪ ሜሰንና ኮሎምቦ የተባሉት የወንጀል ምርመራ ድራማዎች፣ የካውቦይ ተከታታዮች፣ ሁሉም በነፃ ይመጣሉ።

የቤት ውስጥ አንቴና ከ20 እስከ 40 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ክፍያ የለም። ከመግዛታችሁ በፊት ኤፍሲሲ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የሲግናል ካርታውን ፈልጉና አድራሻችሁን አስገቡ። የትኛው ጣቢያ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚደርሳችሁ ያሳያል። "200 ማይል ይስባል" የሚል ማሸጊያ ካያችሁ እለፉት። ምድር ክብ ስለሆነች ሲግናሉ ያን ያህል ርቆ አይደርስም። አንቴናውን ወደ ጣቢያዎቹ በሚያይ መስኮት ላይ ስቀሉት፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ቻናሎችን እንዲፈልግ አድርጉት። ቦታውን በቀየራችሁ ቁጥር ፍለጋውን ድገሙት። ምድር ቤት ለምትኖሩ ግን አልመክርም፤ ብስጭት ነው።

ጉድለቱስ? መቆረጡ ነው። በ1960ዎቹ የአንድ ሰዓት ድራማ ወደ 50 ደቂቃ ይጠጋ ነበር። ዛሬ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከማስታወቂያ የሚተርፈው 43 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ሲደገም ብዙ ጊዜ ትዕይንት ይቆረጥለታል ወይም ሰው ሳያስተውለው ፈጠን ተደርጎ ይጫወታል። ወንጀል ምርመራ ላይ ይህ ክፉኛ ይጎዳል። የተቆረጠው ደቂቃ ፍንጩ ያለበት ሊሆን ይችላል።

ቢሆንም ለቤተሰብ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። እናት አባታቸው አብረዋቸው ለሚኖሩ ሰዎች በተለይ። ሜኑ ውስጥ መግባት የለም፣ የይለፍ ቃል የለም፤ ሪሞቱን ተጭኖ ማየት ብቻ። እንግሊዝኛው ለሚፈጥንባችሁም ሪሞቱ ላይ ሲሲ የሚለውን ተጫኑ፤ ንግግሩ በጽሑፍ ይመጣል።

ነፃ አፖችና የቤተ መጻሕፍት ካርድ

ቱቢና ፕሉቶ ቲቪ በነፃ ናቸው፤ በምትኩ ማስታወቂያ ታያላችሁ። ክምችታቸው ብዙ ነው፣ ጥራቱ ግን ወጥ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ያለ ፈቃድ የተጫነው ቅጂ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ወይም ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን ነው። ካርዱ በነፃ ነው። ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት ካኖፒ የተባለውን በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ በየወሩ የተወሰነ ቲኬት ይሰጣችኋል፣ ያለ ማስታወቂያ ታያላችሁ። ዲቪዲም ያውሳሉ። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ጎራ በሉ።

በወር የሚከፈለው

ለድሮ ፊልም ወዳጅ ሁለት ስሞች ይነሳሉ። አንዱ ቲሲኤም ነው፤ ከኤፕሪል 1994 ጀምሮ ፊልሞችን ሳይቆርጥና በመሃል ማስታወቂያ ሳያስገባ የሚያሳይ ቻናል። ከፊልሙ በፊት ሰው ቀርቦ ስለ ሥራው ያወራል፤ ይህን በጣም እወደዋለሁ። ችግሩ ለብቻው አለመሸጡ ነው። ኬብል ወይም የቀጥታ ቴሌቪዥን ጥቅል መግዛት አለባችሁ፤ ያ ደግሞ በወር ብዙ አሥር ዶላሮች ነው። ኬብል ቀድሞውኑ ካላችሁ ብቻ ተጠቀሙበት።

ሁለተኛው በ2019 የተጀመረው ክራይቴሪዮን ቻናል ነው። በወር 10.99 ዶላር፣ በዓመት 99.99 ዶላር ነው። ከሆሊዉድ ጥቁርና ነጭ እስከ ጃፓንና ሕንድ የቆዩ ሥራዎች፣ የተጠገኑና በዕውቀት የተመረጡ። ፊልሞቹ ግን በየወሩ ይቀያየራሉ። ዛሬ ያያችሁት ከሁለት ወር በኋላ ላይኖር ይችላል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ፊልም ለሚያይ ያዋጣል፤ በወር አንድ ለሚያይ አያዋጣም።

ዲስክ፦ እኔ የማደላለት

ኔትፍሊክስ ዲቪዲ በፖስታ መላኩን በሴፕቴምበር 2023 አቆመ። ትልልቅ መደብሮችም መደርደሪያቸውን እያጠበቡ ነው። እንዲያም ሆኖ የምትወዱትን ፊልም የምትይዙበት አስተማማኙ መንገድ ይህ ነው። ኦንላይን "ገዛሁ" ያላችሁት ፊልም የማየት ፈቃድ ነው፤ ኩባንያው ውሉን ካጣ ሊሄድ ይችላል። ዲስኩን ማንም ከቤታችሁ አይወስደውም።

ግን ዲስክ ሁሉ አንድ አይደለም። "ሻሬድ" የተባለውን የ1963 ፊልም ውሰዱ፤ ኬሪ ግራንትና ኦድሪ ሄፕበርን የሚሠሩበት ነው። ሲወጣ የቅጂ መብት ማስታወቂያው በትክክል ስላልተጻፈ ጥበቃ አላገኘም። ስለዚህ ማንም ካረጀ ቅጂ ገልብጦ ሊሸጠው ይችላል። በአንድ ሳጥን 50 ፊልም የሚሉት ርካሽ ጥቅሎች እንዲህ ባሉ ፊልሞች የተሞሉ ናቸው። ምስሉ ደብዛዛ፣ ድምፁ የሚያፍን ነው። ከሃምሳው ጭጋጋም ፊልም አንድ የተጠገነ ብሉሬይ፣ ማለትም ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዝ ዲስክ፣ ይሻላል። ማሸጊያው ላይ ከኦሪጂናሉ ኔጋቲቭ (መጀመሪያ ከተቀረጸበት ፊልም) መጠገኑን የሚናገር ጽሑፍ ፈልጉ።

ለተከታታይ ድራማ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ የተቀረጸው በፊልም ጥቅል ነው ወይስ በቪዲዮ ቴፕ? "አይ ላቭ ሉሲ" የተባለው የአሜሪካ ኮሜዲ በ1951 ሲጀምር አብዛኛው ፕሮግራም ከኒውዮርክ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። የሚቀረው ከስክሪን ላይ በካሜራ የተቀዳ ብዥታ ነው። ሉሲል ቦልና ባለቤቷ ዴሲ አርናዝ ግን ሆሊዉድ ሆነው በ35 ሚሊሜትር ፊልም፣ በሦስት ካሜራ ቀረጹት። ወጪው ስለጨመረ ክፍያቸውን ቀንሰው በለውጡ የፕሮግራሙን ባለቤትነት ያዙ። ሉሲል አርግዛ ማረፍ ሲኖርባት የቀደሙት ክፍሎች በድጋሚ ታዩ፤ ሕዝቡም ወደዳቸው። ድጋሚ የማሳየት ልማድ ሲወራ ስማቸው የሚነሳው ለዚህ ነው። ዛሬ በብሉሬይ ስታዩት የኩሽናው መጋረጃ ጥለት ሳይቀር ይነበባል። በቪዲዮ የተቀረጸ ሥራ ግን ብሉሬይ ብትገዙም አይሻሻልም፤ ለእሱ ዲቪዲ ይበቃዋል። "ዘ ትዋይላይት ዞን" የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ በሁለተኛው ዙር ወጪ ለመቆጠብ ስድስት ክፍሎቹን በቪዲዮ ቀርጿል። እነሱ ላይ ስትደርሱ ዲስኩ የተበላሸ አይምሰላችሁ።

የተጠበቀ ቅጂ መኖሩም ዕድል ነው። ቢቢሲ በዘመኑ ቴፖቹን እያጠፋ ደግሞ ይቀዳባቸው ስለነበር "ዶክተር ሁ" ከተባለው የእንግሊዝ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ የ1960ዎቹ ሥራ ከ90 በላይ ክፍሎች እስካሁን የሉም።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፤ ሙዚቃው። በተለይ የ1970ዎቹ ተከታታዮች ውስጥ የነበሩ ዘፈኖች ዲስክ ላይ ለማስገባት የፈቃድ ክፍያ ስለሚጠይቁ በሌላ ይተካሉ። የሬዲዮ ጣቢያ ታሪክ የሆነው "ደብሊውኬአርፒ ኢን ሲንሲናቲ" በዚህ ክፉኛ ተጎድቷል። የገዢዎችን አስተያየት ማንበብ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

የትኛውንም ብትመርጡ የቴሌቪዥናችሁን ሴቲንግ አስተካክሉ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በመሃል የራሳቸውን ምስል ይጨምራሉና ክላሲክ ፊልም የስቱዲዮ ድራማ ይመስላል። ኤልጂ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ሞሽንፍሎው ይለዋል፤ አጥፉት። ግራና ቀኝ የሚታየው ጥቁር ክፍተትም ጉድለት አይደለም፤ የያኔው ስክሪን ቅርጽ ወደ ካሬ የሚጠጋ ነበር። ለመሙላት ብላችሁ ከለጠጣችሁት ሰው ሁሉ ወፍራም ይሆናል።

አዲስ አበባ ላላችሁ

እዚያ ክራይቴሪዮን ቻናል አይሠራም፤ ለአሜሪካና ለካናዳ ብቻ ነው። የአሜሪካ አንቴና ቻናሎችም አይታሰቡም። የቅጂ መብት ጥበቃቸው ያለፈ የድሮ ፊልሞችን ኢንተርኔት አርካይቭ ከተባለው ድረ ገጽ አውርዶ ፍላሽ ላይ መያዝ ይቻላል፤ ዳታ አንዴ ብቻ ይበላል። በድምፅ አልባ ፊልም ጀምሩ እላለሁ። የቻርሊ ቻፕሊንን አጫጭር ሥራዎች ከልጅ እስከ አያት ያለ ትርጉም ይረዳቸዋል።

ከአሜሪካ በሻንጣ ዲስክ ለማስመጣት ካሰባችሁ ግን ተጠንቀቁ። ዲስኮች ለየአካባቢው በክልል ተከፍለው ነው የሚሸጡት፤ የአሜሪካ ዲቪዲ ክልል 1 ነው፣ የኢትዮጵያ ክልል 5። ብሉሬይ ላይ አሜሪካ ኤ፣ አፍሪካ ቢ ነው። ማጫወቻችሁ የሁሉንም ክልል የሚያነብ ካልሆነ አይከፍተውም። ማጫወቻውንም ከዚያ የምታስመጡ ከሆነ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መኖሩን ዘመዳችሁ ያረጋግጥ፤ 120 ብቻ የሚል እኛ አገር መብራት ላይ ይቃጠላል። ከብሉሬይም የጠራ ምስል የሚይዙት የ4ኬ ዲስኮች የክልል ገደብ የለባቸውም፤ የ4ኬ ማጫወቻ ካላችሁ ዘመዳችሁን እነሱን እንዲያመጣ ጠይቁት።