ሜምፊስ፣ ሎሬይን ሞቴል፦ ለዩኒየን አባላት የተጻፈ ግምገማ

ዋሽንግተን ውስጥ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ፤ የዩኒየን አባልም ነኝ። ፌብሯሪ በመጣ ቁጥር የጥቁሮች ታሪክ ወር ነው ተብሎ ምሳ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የማርቲን ሉተር ኪንግ ፖስተር ይለጠፋል። ፒዛ ይታዘዛል። አለቀ። ዘንድሮ ግን የተወሰንን ሰዎች አዋጣን፣ ዩኒየኑም ጨመረልንና ሜምፊስ የሚገኘውን ብሔራዊ የሲቪል መብቶች ሙዚየም ልናይ ሄድን። እናንተም ሂዱ። እኛ እንደሄድነው ግን አትሂዱ።

ሙዚየሙ የተሠራው ኪንግ በተገደለበት በሎሬይን ሞቴል ነው። ጎብኚው ሁሉ የሚጣደፈው ወደ ክፍል 306 ነው። እኔም በመስታወቱ አየሁት። አልጋው እንደተተራመሰ ነው፤ ሥራዬ ነውና እጄን በላኝ። በረንዳው ላይ ኪንግ የወደቀበትን ቦታ የአበባ ጉንጉን ያመለክታል። ያሳዝናል፤ ቃል የለኝም።

ለእኛ ቢጤ ሠራተኛ ግን ዋናው ነገር ያለው ከዚያ በፊት፣ አሮጌው የቆሻሻ መኪና የቆመበት ክፍል ውስጥ ነው። ኪንግ ሜምፊስ የመጣው ለምን እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? የመጣው አድማ ላይ ለነበሩ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ነው።

ፌብሯሪ 1 ቀን 1968 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ኤኮል ኮል እና ሮበርት ዎከር የሚባሉ ሁለት ሠራተኞች ከዝናብ ለመጠለል የቆሻሻ መኪናው የኋላ ክፍል ውስጥ ገቡ። የቆሻሻ መጭመቂያው በድንገት ተነሳና ገደላቸው። ከተማው ለቤተሰቦቻቸው የሰጠው የአንድ ወር ደሞዝና ለቀብር 500 ዶላር ነበር። ፌብሯሪ 12 ቀን 1,300 የሚሆኑ ሠራተኞች፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል ጥቁሮች፣ ሥራ አቆሙ። ሙሉ ቀን እየሠሩ የመንግሥት እርዳታ የሚቀበሉ ነበሩባቸው። ሰልፍ ሲወጡ የያዙት ጽሑፍ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ነው።

ጥያቄያቸው የደሞዝ ጭማሪ ብቻ አልነበረም። ከተማው ዩኒየናቸውን እንዲያውቅላቸው፣ መዋጮውም ከደሞዛቸው ላይ በቀጥታ እየተቆረጠ ለዩኒየኑ እንዲገባ ጠየቁ። ከንቲባው ሄንሪ ሎብ አሻፈረኝ አለ። እዚህ ላይ አብሮን የመጣ አንድ ጋሼ፣ ፔይቼኩን ባየ ቁጥር «ይቺ መዋጮ!» እያለ የሚያጉረመርም፣ ጽሑፉን ሁለቴ አስነበበኝ። «ቆይ፣ ያን ሁሉ የቆሙት ቁረጡብን ብለው ነው?» አለኝ። አዎ ጋሼ፣ እሱም አለበት። አድማው ያበቃው ኪንግ ከሞተ ከ12 ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 16 ነው። ዩኒየኑ እውቅና አገኘ። መዋጮው ደግሞ በሠራተኞቹ ቁጠባና ብድር ማኅበር በኩል እንዲቆረጥ ተስማሙ። ጋሼ አሁንም ያጉረመርማል፣ ድምፁን ግን ቀነስ አድርጓል።

በ1955 አውቶቡስ ውስጥ ወንበሬን ለነጭ አልለቅም ብላ የታሰረችው የሮዛ ፓርክስ ሐውልት የተቀመጠበት አውቶቡስም አለ። እስር ቤት ሄዶ ካስፈቷት ሰዎች አንዱ ኢ. ዲ. ኒክሰን የባቡር አስተናጋጆች ዩኒየን የአካባቢው ቅርንጫፍ መሪ እንደነበር ልብ በሉ። የትም ብትሄዱ ከታሪኩ ጀርባ አንድ የዩኒየን ሰው አታጡም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ጉዞውን ያዘጋጀልን አስጎብኚ (ስሙን አልጠራም) ለዚህ ሁሉ የሰጠን ሁለት ሰዓት እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ለገበያ ሰፊ ጊዜ ነበረው! ሙዚየሙ ንባብ ይበዛዋል፤ እንግሊዝኛው ቀስ ብሎ ለሚገባው ሰው ግማሽ ቀንም አይበዛም። ከመንገዱ ማዶ ያለውን፣ ጥይቱ የተተኮሰበትን ሕንፃ ሳናይ ወጣን። የአድማ መቺዎቹን ስም ግድግዳ ላይ የጻፉበት አደባባይም በእግር የሚደረስ ነው፤ አጠገቡ ያለው ክሌይቦርን ቴምፕል፣ ሰልፎቹ ይነሱበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን፣ በ2025 በእሳት ወድሟል። ስለዚህ አስጎብኚ አትቅጠሩ። ራሳችሁ ሂዱ፣ ከቆሻሻ መኪናው ክፍል ጀምራችሁ ጊዜ ውሰዱ፣ በረንዳውን መጨረሻ ላይ እዩ።

ሜምፊስ ሩቅ ነው የምትሉ የዋሽንግተን ሰዎች፣ ዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ውስጥ የኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ ሐውልት አለ። በ1925 የባቡር አስተናጋጆቹን ዩኒየን የመሠረተው እሱ ነው። ከአሠሪያቸው ከፑልማን የባቡር ኩባንያ ጋር የመጀመሪያውን ኮንትራት የፈረሙት በ1937 ነው፤ 12 ዓመት! እኛ ድርድሩ ስድስት ወር ሲያልፈው እናብዳለን። የሚቀጥለውን ፌብሯሪ ከፒዛው በፊት እዚያ እንሰብሰብ ብዬ ለሾፕ ስቱዋርዳችን (ሥራ ቦታችን ላይ ላለው የዩኒየን ተወካይ) ነግሬዋለሁ፤ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።

ሙዚየሙ ከ5 ኮከብ 5። ጉዞው 2። ምግብን በተመለከተ፣ ሜምፊስ የአሳማ ጎድን ጥብስ ከተማ ናት፤ የማትበሉና የምትጾሙ ስንቅ ያዙ።