የወገብና የዳሌ ሕመሜን ምንጭ ፈልገው ላገኙልኝ ሐኪም የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃየኝ የኖረውን የወገብና የዳሌ ሕመም በትዕግሥት መርምረው፣ ምንጩን ለይተው በመገጣጠሚያ መርፌ ለረዱኝ የሕመም ሕክምና ስፔሻሊስት ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰውም ወደ እሳቸው ወይም እንደ እሳቸው ወደሚሠራ ሐኪም እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ በግል ለሚጠይቀኝ ግን በደስታ እነግራለሁ። እዚህ በዝርዝር የማስረዳው አሠራራቸውን ነው፤ መርፌ የወጋኝ ሰው ከእሳቸው በፊትም ነበረና ምስጋናዬ ስለ መርፌው ብቻ አይደለም።

ሕመሙ የጀመረኝ ከወሊድ በኋላ ነው። ከወገቤ ዝቅ ብሎ በቀኝ መቀመጫዬ ላይ ይነሳና አንዳንዴ ወደ ብሽሽቴ፣ አንዳንዴም በጭኔ በስተኋላ እስከ ጉልበቴ ድረስ ይወርዳል። ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል፣ ደረጃ ስወጣ፣ አልጋ ላይ ስገላበጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጫማ ለማጥለቅ በአንድ እግሬ ስቆም ይብስብኛል። ኤምአርአይ ተነስቼ አንዱ ዲስክ በመጠኑ ወጣ ማለቱ ስለታየ ሁሉም ነገር በእሱ ተሳበበ፤ ክኒኑም፣ ቅባቱም፣ የወገብ ቀበቶውም ታዘዘልኝ። በአንድ የሕክምና ቦታ ደግሞ «እዚህ ጋ ነው የሚያምሽ?» ተብዬ፣ በእጅ ዳሰሳ ብቻ መርፌ ተወጋሁ። ለጥቂት ቀናት ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ ሕመሙ እንደነበረው ተመለሰ። መርፌው በትክክል የት እንደገባ እኔ አላወቅሁም፤ የወጋኝም ሰው እርግጠኛ ሊሆን የሚችልበት መንገድ አልነበረውም።

እኚህ ሐኪም ፊልሙን ከማየታቸው በፊት ታሪኬን አስጨርሰው አዳመጡኝ። ከዚያ «በጣም የሚያምዎትን ቦታ በአንድ ጣት ብቻ ያሳዩኝ» አሉኝ። መዳፌን ዘርግቼ ወገቤን በሙሉ ማሳየት ስለለመድኩ ትንሽ አመነታሁ፤ በኋላ ግን ጣቴ ከመቀመጫ በላይ ቆዳው ጎድጎድ ከሚልበት ቦታ ጥቂት ዝቅ ብሎ አረፈ። ወዲያና ወዲህ አራምደውኝ እንደገና ጠየቁኝ፤ ጣቴ ተመልሶ እዚያው ሄደ። ቦታው ሳክሮኢሊያክ የሚባለው መገጣጠሚያ መሆኑን ያኔ ነው የነገሩኝ። ይህ መገጣጠሚያ ከአከርካሪ ግርጌ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ከዳሌ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ሲሆን በግራና በቀኝ አንድ አንድ አለን። እንቅስቃሴው ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን የላይኛው ሰውነታችን ክብደት ወደ እግሮቻችን የሚተላለፈው በእሱ በኩል ነው። በእርግዝና ጊዜ የጅማቶቹ መላላት፣ በመቀመጫ መውደቅ፣ የሁለቱ እግሮች ቁመት መበላለጥ፣ ቀደም ብሎ የተደረገ የወገብ አጥንት የማጣበቅ ቀዶ ጥገና፣ እንዲሁም አንዳንድ የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታዎች ሊያሳምሙት ይችላሉ። ሥር የሰደደ የታችኛው ወገብ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ከ15 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ የሕመሙ ምንጭ ይኸው መገጣጠሚያ እንደሆነ ይገመታል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ማንም አላሰበውም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሌሎቹን ሐኪሞች አልወቀሱም፤ ይህንንም ወድጄላቸዋለሁ። መገጣጠሚያው የሕመም ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ጎልድትዌይትና ኦስጉድ የተባሉ ሐኪሞች በ1905 እ.ኤ.አ. ጽፈው እንደነበር፣ በ1934 እ.ኤ.አ. ሚክስተርና ባር የወጣ ዲስክ ነርቭን እንደሚጫን ካሳዩ ወዲህ ግን የሕክምናው ዓለም ዓይን ወደ ዲስክ እንዳዘነበለ አጫወቱኝ። ምንም ሕመም የማይሰማቸው ብዙ ሰዎችም ኤምአርአይ ቢነሱ የወጣ ዲስክ ሊታይባቸው እንደሚችል፣ በአንጻሩ የሚያም ሳክሮኢሊያክ መገጣጠሚያ በፊልም ላይ ፍጹም ጤነኛ መስሎ ሊታይ እንደሚችል አክለው ነገሩኝ።

ቀጥሎ አስተኝተው ዳሌዬን ከፊትና ከጎን እየተጫኑ፣ ጉልበቴን አጥፈው ጭኔን ወደ ታች እየገፉ፣ አንዱን እግሬን ከአልጋው ጠርዝ እያንጠለጠሉ ተከታታይ ምርመራዎች አደረጉልኝ። ከእነዚህ ዓይነት ምርመራዎች 3 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት የለመዱትን ሕመም ከቀሰቀሱ ጥርጣሬው ይጠናከራል። የእኔን ቀስቅሰውታል። እሳቸው ግን በዚህ አልረኩም፤ መገጣጠሚያውን በማደንዘዣ ማደንዘዝና ሕመሙ ምን ያህል እንደሚቀንስ ማየት የተሻለው ማረጋገጫ ነው አሉኝ። መርፌው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ምርመራም እንደሆነ የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

ከመርፌው በፊት የጠየቁኝን ሁሉ እዚህ መጻፍ ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስድ እንደሆነ፣ ስኳር እንዳለብኝ፣ ለማደንዘዣ ወይም በኤክስሬይ ለሚታየው ቀለም አለርጂ እንዳለኝ፣ እርጉዝ ልሆን እችል እንደሆነ፣ ትኩሳት ወይም የቆዳ ቁስለት እንዳለብኝ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ስኳር ያለበት ሰው ከማደንዘዣው ጋር የሚሰጠው ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት፣ ስቴሮይዱ፣ ለተወሰኑ ቀናት የስኳር መጠኑን ከፍ ሊያደርግበት ስለሚችል በነዚያ ቀናት በቅርብ መከታተል አለበት።

የመርፌው ሥራ ራሱ ረጅም አልነበረም። ሆዴ ሥር ትራስ ተደርጎልኝ በደረቴ ተኛሁ፤ ፀረ ተዋሲያኑ ሲቀባ ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ቅዝቃዜው ነው። ቆዳው ከደነዘዘ በኋላ በላዬ በቆመው የኤክስሬይ መሣሪያ እየተመለከቱ መርፌውን ቀስ አድርገው አስገቡት፤ ትንሽ ቀለም ሲለቁ በስክሪኑ ላይ በመገጣጠሚያው ቅርጽ ቀጭን መስመር ተሰመረ። «አሁን ውስጥ ነን» አሉኝ። መድኃኒቱ ሲገባ ያ የማውቀው ሕመም፣ ቦታውም ጠባዩም ሳይለወጥ፣ ለአፍታ ተቀሰቀሰ። መገጣጠሚያው የሚይዘው ፈሳሽ በጣም ጥቂት፣ 2 ሚሊ ሊትር አካባቢ ብቻ በመሆኑ ከዚያ በላይ ቢጨመር ወደ አካባቢው ሥጋ ፈስሶ ውጤቱን እንደሚያዛባ አስረዱኝ። ያለ ምስል እገዛ የሚሰጥ መርፌ ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያውን የሚስተው በዚሁ ጥበቱ ምክንያት ነው። በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን እየታየ የሚሰጥበትም ቦታ አለ፤ ዋናው ነገር በምስል መታገዙ ነው።

ብዙ ሰው የማይነገረው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጥቂት እንዳረፍኩ ሐኪሙ «እንግዲህ የሚያምዎትን ነገር ሁሉ ያድርጉ» አሉኝ። ተቀምጬ ተነሳሁ፤ ደረጃ ወጣሁ፤ በአንድ እግሬ ቆሜ ጫማዬን አጠለቅኩ። ነርሷ የሰጠችኝ ወረቀት ላይ ሕመሜን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ በየሰዓቱ እንድመዘግብ ታዘዝኩ። ሕመሙ በእነዚህ ሰዓታት ቢያንስ በ75 በመቶ ከቀነሰ ምንጩ መገጣጠሚያው ነው ለማለት እንደሚያስችል፣ 50 በመቶን በቂ አድርገው የሚወስዱ ሐኪሞችም እንዳሉ ነግረውኝ ነበር። የእኔ ሕመም ከ8 ወደ 1 ወረደ። ማታ ላይ ማደንዘዣው ሲለቀኝ ተመለሰ፤ እንደሚመለስ፣ ስቴሮይዱም መሥራት ለመጀመር ቀናት እንደሚፈልግ አስቀድመው ባይነግሩኝ ኖሮ «ይኸም አልሠራም» ብዬ ተስፋ በቆረጥኩ ነበር። ፊቴ ቀልቶ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤ እሱም ከተነገረኝ ውስጥ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ሕመሙ በእርግጥ ረገበ።

ሌላው ያመሰገንኩባቸው ነገር ተስፋን አለማጋነናቸው ነው። እፎይታው ለሳምንታት ወይም ለወራት ሊቆይ እንደሚችል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ጨርሶ ላይሠራ እንደሚችል ገና ሳልወጋ ነገሩኝ። ስቴሮይድ ሲደጋገም አጥንትንና የመገጣጠሚያን ልስልስ አጥንት ሊጎዳ ስለሚችል በዓመት ከ3 ወይም ከ4 ጊዜ በላይ እንደማይሰጡ፣ እፎይታው አጭር ከሆነ ደግሞ የመገጣጠሚያውን ሕመም የሚያስተላልፉትን ትንንሽ ነርቮች በራዲዮ ሞገድ ሙቀት የማክሰም ሕክምና እንዳለ አስረዱኝ። መርፌ በመርፌ ላይ መደራረብ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ እሳቸው ግን ሕመሙ በረገበበት ጊዜ ውስጥ የመቀመጫና የሆድ ጡንቻዎቼን እንዳጠናክር ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩኝ። ዛሬ ልጄን አቅፌ ደረጃ የምወጣው በመርፌው ብቻ ነው ብል የፊዚዮቴራፒስቷን ድካም መካድ ይሆናል። እንቅስቃሴዎቹ አሰልቺ ነበሩ፤ እሷ ግን አንዱንም ሳታሳልፍ አሠርታኛለች። ለእሷም ምስጋናዬ ይድረሳት።

ጉድለት የለም አልልም። ወረፋው ረጅም ነው፤ ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ታካሚ ጊዜ ስለሚሰጡ ቀጠሮው ከተባለው ሰዓት መዘግየቱ የተለመደ ነው። እኔ ተራዬ ሲደርስ ይህንኑ ጊዜ ስለተጠቀምኩበት ለማማረር አልደፍርም፤ ወገቡን ይዞ በጠንካራ ወንበር ላይ ለሚጠብቅ ሰው ግን ከባድ መሆኑን ሳልናገር አላልፍም።

ለመሄድ ያሰበ ሰው የቀድሞ ፊልሞቹንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዝ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር በራሱ እንዳያቋርጥ። ማደንዘዣው ለጥቂት ሰዓታት እግርን ሊያዝል ስለሚችል በዚያ ቀን መኪና መንዳት አይፈቀድም፤ አጃቢ ያስፈልጋል። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ በብልት አካባቢ የደነዘዘው፣ እግሩ በድንገት የከዳው ሰው ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ከመርፌው በኋላ ትኩሳት የያዘው ወይም ሕመሙ ቀን በቀን እየጨመረ የሄደበትም እንዲሁ ሳይዘገይ ለሐኪሙ ያሳውቅ። የሐኪሙን ስምና የሚገኙበትን ቦታ በግል መልእክት ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ።