ማለዳ ብርድ ላይ ስለሚደነድን ጎማ፤ ለጋሼ ጎሚስታ ምስጋናና ጥቆማ

ከቸርችል ጎዳና ወደ ተክለሃይማኖት ታጠፍ ሲባል ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ጎሚስታ አሉ። ስማቸውና ስልካቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ አንጽፈውም። ምስጋናው ግን በአደባባይ ይገባቸዋል። መኪና በመጠገንና በማሽከርከር የምንተዳደር ሰዎች ተሰባስበን ይህን የጻፍነው፣ እሳቸው የሚያደርጉትን የሚያደርግ ጎሚስታ እንዲበዛ ከልባችን ስለምንመኝ ነው። ጎማ ከመሸጣቸው በፊት «መኪናው ከቤት የሚወጣው በስንት ሰዓት ነው? የት ያድራል? ከዚያ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ለወሬ አይደለም፤ የሚመርጡት ጎማ የሚወሰነው በመልሱ ነው።

ጎማ በሚሠራበት አየር ይለያል፤ ከእነዚህ «የበጋ ጎማ» የሚለው ስም ግን እኛን ያሳስታል። ስሙ የመጣው በጋው ሞቃት ከሆነበት ከአውሮፓ ነው። የእኛ በጋ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ የሚያድርበት፣ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ብርድ የሆነ ወቅት ነው። ደመና ስለሌለ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ትተፋዋለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የማለዳ ብርድ የሚበረታው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው በጋ ነው፤ በክረምት ዝናብ ይኖራል እንጂ ሌሊቱ ለዘብ ይላል። «የበጋ ከተባለ ለበጋችን ይሆናል» ብሎ ባለ ሰፊ ቸርኬ መኪናው ላይ የፍጥነት ጎማ ያስገጠመ ሰው፣ ጎማውን በጣም የሚፈልገው ጎማው በማይችልበት ሰዓት ነው።

ጉዳዩ የሚጀምረው ከጎማው ውህድ ነው። ጎማ መሬት የሚይዘው በአስፋልቱ ጠጠሮች መካከል ሰርጎ ቅርጻቸውን በመከተልና በነካው ቦታ ሁሉ በጥቂቱ በመጣበቅ ነው። ለሁለቱም መለስለስ አለበት። ለፍጥነት የተሠራ የበጋ ጎማ ግን በከፍተኛ ሙቀት እንዳይላላ ተብሎ የተቀመመ ነው፤ ሲሞቅ ነው የሚሠራው። ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች እንደ ልባቸው መንቀሳቀስ ያቅታቸውና ጎማው ወደ ፕላስቲክነት ይጠጋል። አምራቾች መለያ አድርገው የሚጠቅሱት 7 ዲግሪ ሴልሺየስን ነው። ይህ ማለት 7 ላይ ሲደርስ ድንገት የሚለወጥ ነገር አለ ማለት አይደለም። ከዚያ በላይም ሳለ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ከ7 በታች ልዩነቱ በመሪና በፍሬን በግልጽ ይታወቃል፣ ከዜሮ በታች ሲወርድ ደግሞ አንዳንዱ የፍጥነት ጎማ ሲንከባለል ወይም ሲገጠም ሊሰነጠቅ ይችላል። መሰንጠቁ መሀል ከተማ ላይ የሚያሰጋ አይደለም። መደንደኑ ግን የየማለዳችን ነገር ነው።

በተለይ ወደ እንጦጦ ለሩጫና ለእግር ጉዞ የሚወጡ ሰዎች ይህን ቢያውቁት ደስ ይለናል። መሀል ከተማው ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ፒያሳ ላይ 8 ዲግሪ በሆነ ማለዳ ላይኛው መንገድ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ጎማው ትንሽ ይሞቃል። ከዚያ መኪናው ሁለት ሰዓት ይቆማል፣ ጎማውም እንደ አየሩ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ የሚመጣው የሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ነው፦ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ጎማ ያዘነብላል፣ ፍሬን ይያዛል፣ ኩርባ አለ፣ አስፋልቱም ጤዛ ይዟል። ቀዝቃዛ የበጋ ጎማ በጣም የሚፈተነው እዚህ ነው። ወደ ሱሉልታ ለሚያልፍ ደግሞ ሜዳው ላይ ውርጭ ሳሩን አንጥቶት የሚያድርባቸው ቀናት አሉ።

ምልክቱን ሾፌሩ ማወቅ ይችላል። ፍሬን በመጠኑ ሲረገጥ ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ የሚያደርገው) ቶሎ ሥራ ይጀምርና ፔዳሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። መሪ ሲጠመዘዝ የመኪናው አፍንጫ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። የመንሸራተት መቆጣጠሪያው መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይህ ይብሳል፤ ሞተሩ ጉልበቱን በአንድ ጊዜ ስለሚሰጥ ቀዝቃዛው ጎማ መኪናው ገና ሲነሳ መሬት ሳይዝ ይሽከረከራል። ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ነው። ኃይሉ በፊት ጎማ በሆነ መኪና ላይ የፊቶቹ በጉልበትም በፍሬንም በመሪም ስለሚሠሩ ቶሎ ይሞቃሉ፣ የኋላዎቹ ግን ተጎታች ስለሆኑ ይዘገያሉ። ሾፌሩ ፊቱ ሲይዝለት «ሞቋል» ብሎ ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ይገባል፤ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ የኋላው ይሸሻል።

ወደ ጋሼ አሠራር እንመለስ። ክሪክ ከማንሳታቸው በፊት ቁጢጥ ብለው የጎማውን ጎን ያነባሉ። የበጋ ጎማ ምልክቶች አሉት፦ የጥርሶቹ ብሎኮች ትልልቅና ድፍን ናቸው፣ ትከሻው ሰፊ ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑት ስንጥቆች የሉትም ወይም በጣም ጥቂት ናቸው። የፍጥነት ፊደሉ (ጎማው የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት የሚያሳየው) ብዙ ጊዜ ደብሊው (270 ኪሎ ሜትር በሰዓት) ወይም ዋይ (300) ነው። ፊደሉ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በእነዚህ ፊደሎች የሚሠሩ የአራት ወቅት (ለሙቀትም ለብርድም የተሠሩ) ጎማዎችም አሉና። ስለዚህ «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ መኖሩን፣ ይልቁንም ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የያዘ ሥዕል መኖሩን ያያሉ። ሁለቱም ከሌሉና ጥርሱም ድፍን ከሆነ ጎማው የበጋ ነው። ሥዕሉ ያለው ጎማ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው፤ «ኤም ፕላስ ኤስ» ብቻውን ግን አምራቹ በጥርሱ አቀራረጽ የሚሰጠው ስያሜ ስለሆነ ያን ያህል አይመሰክርም።

ቀጥለው ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያነባሉ። 3522 ካለ በፈረንጆች 2022 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ የ2014 ዓ.ም. ነሐሴ መገባደጃ መሆኑ ነው። ይህን ለደንበኛው በእኛ አቆጣጠር ተርጉመው የሚነግሩ ጎሚስታ ብዙ አላየንም። አራቱ አኃዞች ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚታተሙ፣ ወደ ውስጥ ዞረው ከተገጠሙ መኪናውን አንስተው ያሳያሉ እንጂ «አዲስ ነው፣ እመኑኝ» አይሉም። ዕድሜው ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ጎማ በጊዜ ብዛት በኦክስጅን፣ በኦዞንና በፀሐይ ጨረር ስለሚደነድን ነው። ጥርሱ ገና ሙሉ የሆነ የ9 ዓመት ጎማ ለዓይን ያምራል፣ ማለዳ ላይ ግን ከአዲሱ እጅግ ቀድሞ ይለቃል። ጋሼ ትንሽ መርፌ ያላት የጥንካሬ መለኪያ አላቸው። በሾር ኤ ሚዛን አዲስ የመኪና ጎማ አብዛኛውን ጊዜ በ60ዎቹ ውስጥ ያነባል፤ 75 እና ከዚያ በላይ ካለ ብርድ ላይ ተስፋ አይጣልበትም። ልኬቱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይወስዳሉ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ጎማ ለስላሳ መስሎ ይታያልና።

የንፋስ ነገር ብዙ ቦታ የሚበላሽ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንጻፈው። መኪናው የሚፈልገው መጠን በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፏል፤ ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ የሚሞላው አይደለም። 33 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሚፈልግ መኪና በ25 ዲግሪ ቀትር ላይ 33 ቢሞላ፣ በማግስቱ በ8 ዲግሪ ማለዳ 30 ተኩል ገደማ ይሆናል። ከፍጥነት በኋላ በሞቀ ጎማ ላይ «በዝቷል» ተብሎ ወደ 33 ከተቀነሰ ደግሞ ማለዳ ላይ ከ30 በታች ይወርዳል። ከቆላ የሚመጣ መኪና ሌላ ስሌት አለው። አዋሽ ላይ በ35 ዲግሪ 33 ተሞልቶ አዲስ አበባ 8 ዲግሪ ላይ ያደረ ጎማ በብርዱ ምክንያት 4 ያህል ያጣል፤ የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ መለኪያው ላይ 2 ያህሉ ይመለስለትና 31 ገደማ ያነባል። ጋሼ ይህን ሁሉ ስለሚያውቁ ማለዳ ለሚወጡ ሰዎች ንፋስ የሚያስተካክሉት ገና እንደ መጡ ሳይሆን ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። አቅራቢያ ያለ ሰው መኪናውን አሳድሮ ጠዋት እንዲመጣ ይነግሩታል። ንፋስ በመቀነስ ጎማውን «ለስላሳ» ለማድረግ የሚሞክር ሰው አለ። ይህ ስህተት ነው፤ ውህዱ እንደ ደነደነ ይቀራል፣ ትከሻው ብቻ ይበላል፣ መሪውም ይዘገያል።

አገጣጠማቸውም ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ጎኑ አጭር የሆነ የፍጥነት ጎማ በቀዘቀዘ ጊዜ በማሽን ሲሳብ ከንፈሩ (ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዙ) ሊቀደድ ይችላል፤ ቀዳዳው ያኔውኑ ላይታይ፣ ኋላ ግን ንፋስ ሲያፈስ ይታወቃል። ስለዚህ ለጠዋት የተቀጠረ ጎማ ከመጋዘን ወጥቶ ሞቅ ያለ ክፍል ያድራል፣ አለዚያም ፀሐይ እስኪያገኘው ይጠበቃል። ከንፈሩን የሚቀቡት ለዚሁ በተሠራ የጎማ ሳሙና ነው። የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ ጎማ ስለሚያሳብጥ፣ ጎማውም ቸርኬው ላይ ስለሚንሸራተት ደጃቸው አይደርስም። ከንፈሩ ቸርኬው ላይ ቁጭ እስኪል ሲነፉ ከ40 ፒኤስአይ አያልፉም፤ እምቢ ካለ አስተንፍሰው እንደገና ይቀባሉ። ቫልቩን በአዲስ ይቀይራሉ፣ በባላንስ ማሽን ሁለቱን ጎን ለየብቻ ያያሉ፣ ብሎኖቹንም በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቁ በእጅ ካጠበቁ በኋላ መኪናው በሚጠይቀው ልክ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይጨርሳሉ፤ ለብዙ የቤት መኪና ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ተመልሶ እንዲመጣ ያዛሉ፣ ለዚያ ገንዘብ አይጠይቁም።

ምክራቸው የሚመዘን ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ወጥቶ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ መኪና ጥሩ የአራት ወቅት ጎማ ይመክራሉ። ከረፋዱ በኋላ ብቻ ለሚንቀሳቀስ፣ ምድር ቤት ለሚያድር መኪና «የበጋው ይበቃሃል፣ ብርህን አታውጣ» ብለው ይመልሳሉ። ከአውሮፓ መኪና ጋር የሚመጣ የክረምት (ለበረዶ የተሠራ) ጎማ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ይላሉ። በጣም ለስላሳ ስለሆነ በአዲስ አበባ ቀትር በፍጥነት ያልቃል፣ ኩርባ ላይም ይወላገዳል። የበጋና የአራት ወቅት ጎማ በአንድ መኪና ፊትና ኋላ ከፍለው አይገጥሙም። ገንዘብ ለሁለት ብቻ ከበቃ ከነበረው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ አዲስ ጥንድ ይፈልጉና ኋላ ይገጥሙታል። ብዙ ሰው ፊት ይሁንልኝ ብሎ ይከራከራቸዋል። እሳቸው ፊቱ ቢንሸራተት መኪናው እንደሚዘገይና ቀጥ እንደሚል፣ ኋላው ቢንሸራተት ግን እንደሚዞር በትዕግሥት ያስረዳሉ። ትክክል ናቸው።

የበጋ ጎማ ላይ ለሚቆይ ሰው የሚሰጡት መመሪያም አጭር ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች መሪ፣ ፍሬንና ነዳጅ ሁሉ በለሆሳስ፤ ከፊት ካለው መኪና የተለመደው ርቀት እጥፍ፤ ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ። በትራፊክ ውስጥ እየተንፏቀቁ ማለፍ ጎማ እንደማያሞቅ ማወቅም ያስፈልጋል። በለሰለሰ ኮብልስቶን ላይ፣ በተለይ ጤዛ ካለ፣ ከዚህም በላይ መጠንቀቅ ነው።

ሄዳችሁ ለማግኘት ቸርችል ላይ ወርዳችሁ ወደ ተክለሃይማኖት በሚያስገባው በኩል «የጋሼ ጎሚስታ» ብትሉ ሱቅ ጠባቂው ሁሉ ያሳያችኋል። ዋጋው በር ላይ ተጽፏል። ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ጎማ ይዛችሁ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አራቱን አኃዞች ፎቶ አንስታችሁ አሳዩዋቸው፤ እሳቸው ጋ ባይገዛም ያዩላችኋል። እስኮርታውንም (መጠባበቂያ ጎማውን) አስታውሳችሁ አስለኩ፤ ብዙ ጊዜ ከአራቱ ይልቅ በዕድሜ የገፋው እሱ ነው። ንፋስ ብቻ ለማስተካከል የምትሄዱ ግን ቅዳሜ ከሰዓትን ተዉት። ጠዋት በሚከፍቱበት 2 ሰዓት ላይ፣ ከቅርብ ቦታ ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ ድረሱ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን።