ደሴ ላይ የበልግ ችግኝ የገዛንበት ሱቅ፦ ችግኙ አሪፍ ነው፣ ዘሩ ግን...

ሰፈራችን ያለችውን ባዶ መሬት ጎረቤት ተሰባስበን አትክልት ልናለማባት መደብ መደብ ተከፋፈልናትና የካቲት ላይ በልጉ ሊገባ ሲል ችግኝና ዘር ፍለጋ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ትንሽዬ ሱቅ ገባን፣ ስሟን ልተወው። ለችግኝ ሂዱ፣ ለዘር ግን አይናችሁን ገልጣችሁ።

የቆስጣና የጥቅል ጎመን ችግኙ ምርጥ ነው፣ አጠር ደንደን ያለ፣ ስሩ አፈሩን ይዞ የሚወጣ፣ ተተክሎም አልጠወለገም። ሻጯ እትዬም ደግ ናቸው፣ ቲማቲም ስንጠይቃቸው "ኧረ ልጆቼ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ይጨርሰዋል፣ አብሽሩ ትንሽ ቆዩ" ብለው መለሱን፣ እንዲህ አይነት ነጋዴ ዛሬ የት አለ? እውነታቸውን ነው ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል እዛ የሚሆነው ሁሉ እዚህ አይሆንም።

ካሮት ተነቅሎ ሲተከል ስሩ ስለሚንሻፈፍ ዘሩን ገዝተን እዛው መደቡ ላይ ዘራነው፣ ጥሩ በቀለ። የሽንኩርቱ ዘር ግን ከቆርቆሮ እየተቆነጠረ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው የሚሸጠው፣ ቀን የለው ምን የለው፣ የበቀለው እዚህም እዛም ነው። የሽንኩርት ዘር ደሞ ቶሎ ነው የሚሞተው፣ አመት ካለፈው አትመኑት፣ የታሸገና ቀን ያለበትን ጠይቁ። ፍጉንም እዛ እንዳትገዙ፣ በደንብ ሳይብላላ ነው የሚሸጡት፣ ገና ይሸታል፣ ስር ያቃጥላል።

ዋጋው ከሰኞ ገበያ ወደድ ይላል ግን ለችግኙ አልቆጨኝም። ከአምስት ኮከብ ሶስት ተኩል፣ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰአት የሚቀረው ፀሐይ የመታው ነው።