ክረምቱ ሲወጣ የግቢና የበረንዳ ወለል በምን ይታጠብ? ብሩሽና በረኪና፣ የግፊት ማሽን ወይስ አሲድ

ከሰኔ ጀምሮ የዘነበው ዝናብ ሲያባራ፣ በአዲስ አበባ ግቢዎች ፀሐይ የማያገኘው የወለሉ ክፍል አረንጓዴ ለብሶ ያዳልጣል፤ ሽማግሌና ሕፃን ላለበት ቤት ይህ ከመልክ ጉዳይ በላይ ነው። ከዘመን መለወጫ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ግቢውን ለማጽዳት ገበያ የሚወጣ ሰው በዋናነት ሦስት አማራጮች ያገኛል። የትኛው ገንዘብ እንደሚገባው የሚወስነው የዕቃው ጉልበት ሳይሆን የወለሉ ዓይነትና የቤቱ የውሃ አቅርቦት ነው።

ጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽና በረኪና ከሁሉም ርካሽ ናቸው፤ በእኔ ግምት ለአብዛኛው መኖሪያ ቤትም ይበቃሉ። አረንጓዴው ነገር ሕይወት ያለው አልጌ በመሆኑ፣ ላዩን ብቻ ቢፋቅ በሲሚንቶው ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረው መልሶ ያድጋል፤ በረኪናው ግን ይገድለዋል። አንድ እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ በጥብጦ ማፍሰስ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መተው፣ ከዚያም ፈግፍጎ ማለቅለቅ ነው። በረኪና በፀሐይ፣ በሙቀትና በቆይታ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ሲገዙ የተመረተበትን ቀን ይመልከቱ፤ ደጅ ፀሐይ ላይ ከተደረደረውም አይግዙ። የሽቦ ብሩሽ በድንጋይ ላይ የብረት ብናኝ ትቶ በኋላ ስለሚዝግ አይመረጥም። የዚህ ዘዴ ጉድለት ድካሙ፣ እንዲሁም እጣቢው ወደ ጽጌረዳው ወይም ወደ ጤና አዳሙ ሥር ከወረደ ተክሉን መጉዳቱ ነው።

ውሃን በኃይል የሚረጨው የግፊት ማሽን በጣም ይፈጥናል፤ ሰፊ ግቢ ላለውና መኪናውንም በቤቱ ለሚያጥብ ሰው ዋጋውን ይመልሳል። ሆኖም ሻጮች የሚያስቀድሙት የባር፣ ማለትም የግፊት መጠን ቁጥር ብቻውን አያስመርጥም። በሰዓት 400 ሊትር የሚረጭ ማሽን በግማሽ ሰዓት 200 ሊትር፣ ማለትም 10 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጨርሳል። ክፍት የተለቀቀ ጎማ ከዚህም የበለጠ ሊያፈስ እንደሚችል መካድ አይገባም፤ ነገር ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶውን ለዚህ ማራቆት ከባድ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ከሮቶ ወይም ከባልዲ ራሱ ስቦ መሥራት ይችል እንደሆነ ሳይጠይቁ አይክፈሉ፤ ውሃ ሳያገኝ ከሠራ ፓምፑ ይበላሻልና። 1,800 ዋት የሚፈልግ ማሽን በ220 ቮልት ከ8 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ ቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ይግላል፤ ሶኬቱም የመሬት መስመር ያለው መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ወለሉን ያስቡ፦ ያረጀ የሲሚንቶ ልስን በቅርብ ሲመታ ይፈረፈራል፣ ከዚያም ሸካራው ገጽ በሚቀጥለው ክረምት አልጌን ይበልጥ ይይዛል፤ በኮብልስቶን መካከል ያለው አሸዋም ተጠርጎ ድንጋዩ ይላላል። አፈሙዙን በሰፊው የሚረጭ አድርጎ ወለሉን ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት መጀመር ይሻላል። ወደ ሰው አካል ማዞር በፍጹም አይገባም፤ ውሃው ቆዳ ይበሳል።

አሲድን በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው። በሴራሚክ ላይ የደረቀን የሲሚንቶ ፍንጣቂ ለማስለቀቅ ይጠቅማል፤ እብነ በረድን፣ ቴራዞን (የእብነ በረድ ስባሪ በሲሚንቶ ተቀላቅሎ የሚሠራ ወለል) እና ሲሚንቶን ግን ራሳቸውን ይበላቸዋል፣ ስለዚህ ለአልጌ ብሎ መግዛት ስሕተት ነው። ከበረኪና ጋር ከተገናኘ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን በአንድ ወለል ላይ መዋል የለባቸውም።

እንግዲህ ጠባብ በረንዳ፣ ቴራዞ ወይም ያረጀ ልስን ያለው ቤት ብሩሽና በረኪናን ይግዛ። ሰፊና ጠንካራ የኮንክሪት ግቢ ያለው፣ ውሃም የማይቸግረው ሰው ማሽን ቢገዛ ያዋጣዋል፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ግን ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ መግዛት ይሻላል። ማንኛውንም ከመግዛት በፊት አሸንዳውና የፍሳሽ ቱቦው ከቅጠልና ከደለል ይጽዱ፤ ውሃ የሚያቁር ወለል በየትኛውም ዕቃ ቢታጠብ ቶሎ መልሶ ይለብሳል።