ዶሎፕ ወይስ ብሎብ?

ዶሎፕ (dollop) እና ብሎብ (blob) ተቀራራቢ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። የእንግሊዝኛ የምግብ አሠራር የሚያነብ ሰው ከሁለቱ ቀድሞ የሚያገኘው ዶሎፕን ነው። ከማንኪያ ላይ ዱብ የሚል የክሬም፣ የእርጎ ወይም የማርማላታ ጉብታ ማለት ነው። በግራም አይለካም፤ የሚወስነው የአብሳዩ ልግስና ነው። እንግሊዞች ከሻይ ጋር በሚበሉት ስኮን በተባለ ትንሽ ዳቦ ላይ የሚያኖሩት ወፍራም ክሬም ዋነኛው ምሳሌ ነው። ቃሉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲጻፍ ግን ከወጥ ቤት ጋር አይተዋወቅም ነበር፤ በእርሻ መካከል ችምችም ብሎ የበቀለ ሣር ይባልበት ነበር። ዛሬ ለዕድልና ለቀልድ እንኳ «አንድ ዶሎፕ» ይባላል።

ብሎብ ማንኪያም አስቀማጭም አይፈልግም። የተንጠባጠበ ቀለም፣ ከቱቦው ያፈተለከ ሙጫ፣ በጭጋግ ውስጥ ቅርጹ የጠፋ ነገር ሁሉ ብሎብ ነው። ለምግብም ይውላል፤ ግን የምግብ ፍላጎት አይከፍትም። ምግብ ቤት ገብቶ «ብሎብ ክሬም ጨምሪልኝ» ማለት አስተናጋጇን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም።

በአውስትራሊያ አካባቢ በጥልቅ ባሕር የሚኖረው ብሎብፊሽ የተባለው ዓሣም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በብሪታንያ በተካሄደ ምርጫ የዓለም አስቀያሚ እንስሳ ተብሏል። ትንሽ ግፍ አለበት፤ በመኖሪያው ውኃው ደግፎ ስለሚይዘው ዓሣ ይመስላል፣ የሚዝረከረከው ወደ ላይ ሲወጣና ግፊቱ ሲቀንስ ነው።

ብሩሽ ላይ ለሚደረግ የጥርስ ሳሙናስ? እኔ ብሎብ እላለሁ፤ ዶሎፕ ይበዛበታል።